የመጅሊሱ ሙሽራ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ እኔና ዮኤል አልተጋባንም። ስታነቡ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። እኔ የታሪኩ ባለቤት እንኳ አንድም ቀን ከልቤ ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

አልፊያ እባላለሁ፤ የኮልፌ ልጅ ነኝ። አባቴ ሐጂ ሰይፈዲን መጋረጃና የአረቢያን መጅሊስ የሚሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችን። መጅሊስ ያው ግድግዳውን ተከትሎ መሬት ላይ የሚዘረጋው ፍራሽና ትራስ ነው። አባ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ሥራችንን ማንም አያማውም፤ ገዢ ግን ጠፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አይቶ፣ ስልኩ ላይ መርጦ፣ በራችንን አልፎ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያባረረው ልጅ ሱቃችን ገባ። አርፎ እስኪያባራ እንደመጠበቅ ትራሶቼን ያገላብጥ ጀመር።

«ትገዛለህ ወይስ ትዳብሳለህ?» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ጉድ የሠራኝ ያ ሳቁ ነው።

«ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«የት ነው የምትገኙት? ኦንላይን ማለቴ ነው።»

«እዚሁ ነዋ! ኮልፌ!»

«እዚህማ እኔም ዝናብ ባይዘንብ አላገኛችሁም ነበር» አለኝ።

ዮኤል ይባላል፤ የቤቴል ልጅ ነው። ሥራው ለትንንሽ ሱቆች ፔጅ ከፍቶ ማስተዋወቅ ነው፤ ብሎግም ይጽፋል። አባ መጀመሪያ «የወሬ ነጋዴ» ብሎ አሾፈበት። በኋላ ግን ለአንድ ወር ይሞክር ብሎ ፈቀደለት።

አንድ ወሩ ስምንት ወር ሆነ። ዮኤል ዋጋና ስልክ ቁጥር መደርደር አይወድም። «ሰው የሚያቆመው ታሪክ ነው፤ ዋጋውን ራሱ ይጠይቃል» ይላል። ለሰፋሁት ሁሉ ታሪክ ይጽፍለታል። ለአንድ ግራጫ መጋረጃ ብሎ፣ ከሌሊት ሥራ ገብታ ቀን ስለምትተኛ ነርስ የጻፈውን አንብቤ፣ በገዛ መጋረጃዬ አለቀስኩ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ፎቶ ሲያነሳ ትራሱን በዚያ በኩል እሱ ያስተካክላል፣ በዚህ በኩል እኔ። እጃችን ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው ሁለታችንም እናቆማለን። አባ መቀሱን ያንቋቋል።

ዮኤል የቤተክርስቲያን ልጅ ነው፤ ኳየር ውስጥ ይዘምራል። እናቱ ወይዘሮ ዘመነች የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። እኔ ደግሞ የሐጂ ልጅ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነጋገርነው።

«ወደኔ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«አንተስ ወደኔ?»

ትራሱን አንስቶ ማስተካከል ጀመረ። እኔም መርፌዬን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም።

ስለዚህ የምመኘው ትንሽ ነገር ነበር፤ ጊዜ። ማንም የጋብቻ ወሬ ሳያነሳብኝ፣ ትራስ እያስተካከልን አንድ ዓመት፣ ከተቻለም ሁለት ዓመት። ወላሂ ሌላ አልጠየቅኩም።

የሠርግ ሰሞን ሲቃረብ ወርቃማ ጥልፍ ያለው የሙሽራ መጅሊስ ሰፋሁ። ዮኤል አየውና «ሙሽራ ያስፈልገዋል» አለ። ለሞዴል የሚከፈል ስለሌለን እኔው ተቀመጥኩ። ሻሹን ፊቴ ላይ ጣልኩ፤ አገጬና እጄ ብቻ ይታያሉ። አነሳኝ፤ ከዚያ ጥግ ይዞ ብዙ ጻፈ። ሲጨርስ ስልኩን ሰጠኝ።

«ኮልፌ ውስጥ አንዲት ልጅ የራሷን የሠርግ መጅሊስ በእጇ ሰፍታ ጨረሰች። የምትጠብቀውን ሰው ስም ለማንም አልተናገረችም። ስሙን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ከሥሩ የሱቃችን ስም አለ። ማስታወቂያ የሚል ቃል የትም የለም። ያን ጽሑፍ ለማን እንደጻፈው እሱም ያውቃል፣ እኔም ገብቶኛል። ለዚህ ነው «ኧረ ማስታወቂያ መሆኑን ግለጽ» ያላልኩት። ምነው ያኔ አፌን በከፈተልኝ!

«ልልቀቀው?» አለኝ።

«ልቀቀው» አልኩት።

በሁለት ቀን ውስጥ አገር ሼር አደረገው። ሱቃችን ውስጥ ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ መሆኗን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዓርብ አባ ከጁምዓ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አልፊያ፣ ማንን ነው ያገባሽው?»

«ምን?»

«መስጊድ በር ላይ መብሩክ ሲሉኝ ዋሉ። አላገባችም ስል ‹ላለመጥራት ነው የምትደብቀው› አሉኝ። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የማን ነው ይሄ እጅ?»

ዮኤልን የጠራው የለም፤ ኮመንቱን አይቶ ራሱ መጣ። አባ ፊት ቆሞ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ሐጂ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«በጻፍክበት እጅህ አርመው» አለው አባ።

ጻፈ፤ «ማስተካከያ፦ ፎቶው የመጅሊስ ማስታወቂያ ነው፤ ልጅቱ አላገባችም።» ያኔ ነው ጉድ የፈላው! «ሠርጉ ቀረ እንዴ?» «ምን አግኝቶባት ይሆን?» «አይዞሽ እህቴ፣ ኸይር ነው።» እስከ ትናንት ያገባሁ ነበርኩ፤ ዛሬ ደግሞ የተተውኩ ሆንኩ። ዮኤል ሁለቱንም አጠፋቸው። ሰው ግን ቀድሞ ስልኩ ላይ አስቀርቷቸው ነበር።

አባ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ልብሱን ቀይሮ ታክሲ ፌርማታው ላይ ሲቆም አየሁት። ዕድሜውን በሙሉ የሰገደበትን የሰፈራችንን መስጊድ ትቶ፣ ዘነበወርቅ ሄዶ መስገድ ጀመረ። ሲመለስ ጉልበቱን እያሸ ይቀመጣል።

በሁለተኛው ሳምንት ኑሕ ሽማግሌ ላከ። ኑሕ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥልን ሰው ነው። «ወሬውን ሰምቻለሁ፤ አላመንኩትም» ብሎ ነው የላከው። አባ ቀን ቀጠራቸው።

ዮኤልን ቤቴል ካፌ አገኘሁት። ሁለታችንም የቀረበልንን ሻይ አልነካንም።

«ለእማዬ ስላንቺ ነገርኳት» አለ።

«ጮኹ?»

«አልጮኸችም። ተንበርክካ ጸለየችልሽ።»

«ለኔ? ምን ብላ?»

ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ጌታ ጥሩ ባል እንዲሰጥሽ።»

ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመኝ። መሐረብ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና መሀል ላይ አቆመ፤ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

«እንጥፋ አልፊዬ» አለኝ። እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «አዳማም ይሁን ሐዋሳ። እኔ እንደሆነ በስልኬ ነው የምሠራው።»

እውነት ለመናገር ልቤ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። እወደዋለሁ፤ አሁንም ይኸው እየነገርኳችሁ ነው።

«አባ አሁን የሚሰግደው ዘነበወርቅ ነው» አልኩት።

ገባው። ሂሳቡን ከፍሎ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። ታክሲ እስኪሞላ አጠገቤ ቆሞ ቆየ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው አባ መቀሱን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ በልብሽ ያለ ሰው ካለ ንገሪኝ። እመልሳቸዋለሁ። ስለኔ አታስቢ።»

ስሙን ልነግረው ነበር። የአባን ጉልበት አየሁ።

«ማንም የለም አባ» አልኩት።

ሠርጉ ከረመዳን በፊት ተደረገ። ኑሕ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። አባም ወደ ሰፈሩ መስጊድ ተመለሰ። ትዕዛዙማ ምን ልበላችሁ፣ ያን ሙሽራ ያየ ሁሉ እየደወለ ሁለት ሠራተኛ ቀጠርን። ዮኤል የፔጁን የይለፍ ቃል ጽፎ ላከልኝና ሥራውን ለቀቀ። አሁን ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፣ የምጽፈው እኔ፣ ለደንበኛ የምመልሰውም እኔ። ስቶሪ ስለቅ ካዩት ሰዎች መሀል ስሙ ሁልጊዜ አለ። ላይክ አያደርግም፣ ቃል አይጽፍም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ጥቅምት ኤልዳና የምትባል ልጅ በፔጃችን ጻፈች።

«ሰላም፤ ለአዲስ ቤት መጋረጃ ፈልጌ ነበር። ልንጋባ ነው፤ ቤታችን ቤቴል ነው። እጮኛዬ ዮኤል ‹ከነሱ ውጪ እንዳትገዢ› ብሎኛል።»

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ደንበኛ ማስጠበቅ ግን ነውር ነው፤ መልሼ አነሳሁት።

«እንኳን ደስ አላችሁ። ምን ዓይነት ቀለም ይሁንላችሁ?»

ወዲያው መለሰች። «እሱን ጠይቄው ነበር። ሰፊዋ ትምረጥልን አለ።»

ቀለሙን መረጥኩ። ለሠራተኞቹ አልሰጠሁም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ሰፋሁት። ኑሕ በመኪናው አደረሰላቸው። ሥራ ባለቀ ቁጥር ፎቶ አንስቼ፣ ታሪክ ጽፌ ፔጁ ላይ አወጣለሁ። ያንን ግን አላወጣሁትም።