በሟቹ አድራሻ

በግ ገዢው ሦስተኛውን በግ ሲዳብስ ታዲዮስ ከኋላው መጥቶ ቆመ።

የሞላሌ ገበያ ደርቷል። ብርዱ ግን አልለቀቀም፤ ኅዳር ነው፣ የመንዝ ኅዳር። ሰውየው አዲስ ጋቢ ደርቧል። ከሱቅ የወጣበት እጥፋት እንኳ ገና አልተፈታም። በግ ሊገዛ የመጣ ገበሬ እንዲህ ያለ ጋቢ ለጥምቀት እንጂ ለገበያ አይለብስም። ታዲዮስ በሆዱ ተናደደ።

«የመንዝ በግ ጸጉሩ ለምን ይረዝማል?» አለ ሰውየው ሳይዞር።

«ብርዱን ስለሚያውቀው ነው።»

ቃሉ ገጠመ። ይህ «ካስማ» ነው፤ የታዲዮስ አለቃ። እስከ ዛሬ ድምፁን በስልክ ሰማ እንጂ መልኩን አላየም። ታዲዮስ ደግሞ በካስማ አፍ «ሰርዶ» ነው። ታዲዮስ የሚለውም ቢሆን ስሙ አይደለም፤ «ቤቱ» ብለው የሚጠሩት የስለላ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ላይ ያተመለት ነው።

«ቀየት ትሄዳለህ» አለ ካስማ የበጉን ላት በእጁ እየመዘነ። «የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የኢንተርኔት ሳጥን አለ። አድራሻው በአርባ አንድ ዜሮ ዘጠኝ ያበቃል። ምስጢሩ የወጣው በሱ ነው። ከፍተህ አረጋግጥ። ከዚያ ነቅለህ አምጣልኝ።»

«ኃላፊውስ?»

«መርስዔ ኃዘን? ከቦታው ይነሳል። ዝውውር ነው።»

«ዝውውር ብቻ?»

«ሰርዶ፣ እኔ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

አያውቅም። ቢያንስ ታዲዮስ የደረሰበት ውሸት የለም። በጉን ሳይገዙ ተለያዩ።

ታዲዮስ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ሞላሌ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ ብሎ ከጌታነሽ ጋር ይሠራል። የየወረዳውን ጽሕፈት ቤት በሳተላይት ከአዲስ አበባ የሚያገናኙትን ሳጥኖች የምትጠግነው እሷ ናት፤ ከሞላሌ እስከ ራቤል ብቻዋን ስትንከራተት ነው የኖረችው። እያንዳንዱ ሳጥን ፋብሪካው የሰጠው የኤተርኔት አድራሻ አለው፤ የአንዱ ካንዱ አይገጥምም። አዲስ አበባ ያለው ማዕከል ያልመዘገበውን አድራሻ ወደ መስመሩ አያስገባም። ቤቱም አድራሻን እንደ ጣት አሻራ ያምናል። ማን ላከ? አድራሻው ይናገራል።

ዘንድሮ የተናገረው ከባድ ነው። ከቀየት በላይ ያለውን የወል ግጦሽ ለአንድ ባለሀብት ለመስጠት በምስጢር የተዘጋጀ ሰነድ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዚያ ሰነድ ላይ አልፈርምም ብለው ያስቸገሩት አቶ መርስዔ ኃዘን ናቸው። ሰነዱን የላከው አድራሻም የሳቸው ቢሮ ሳጥን ሆነ። ነገሩ ገጥሟል። ታዲዮስ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ስለኖረ፣ እንዲህ ጥርቅም ብሎ የሚገጥም ነገር ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። አላስጠረጠረውም። ዝውውር ብቻ መባሉ ሆዱን አስተኝቶታል።

በማግስቱ ከጌታነሽ ጋር በአይሱዙ ጋቢና ወደ ቀየት ሄዱ። «ሳጥኑን ላጽዳው» ብሏታል፤ እሷም ደስ ብሏት አብራው ተነሳች። መንገድ ላይ በሶ በጥብጣ ሰጠችው።

«ጠጣ እንጂ! ያዲስ አበባ ሰው ብርዱን በወሬ ነው እንዴ የምትችሉት?»

ጠጣ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ ተረቱ የጎጃም ይሁን የሸዋ ማንም አይጠይቅም፣ እውነት ስለሆነ።

አቶ መርስዔ ኃዘን ቢሯቸው ውስጥ በርኖስ ደርበው ተቀበሏቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ጌታነሽን አንደኛ ደረጃ አስተምረዋታል።

«መጣሽ ልጄ? ይኸ ሳጥንሽ መቼም አይሞቀውም አይበርደውም። ከኔ ይሻላል።»

«እርስዎም ደህና ነዎት ጋሼ። እንግዳ አምጥቼልዎታለሁ።»

«እንግዳማ የእግዜር ነው» አሉና ለታዲዮስ የራሳቸውን ወንበር ለቀቁለት። ተቀመጠበት፤ አፈረም።

ጌታነሽ ጣሪያው ላይ ያለውን ሳህን ልታጠብቅ ወጣች። አቶ መርስዔም መሰላሉን ሊይዙላት ተከተሏት። ታዲዮስ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር በገመድ አገናኘ። ሳጥኑን አጠፋ፤ መልሶ አበራው።

ሳጥኑ ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የምትነቃ ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ቡትሎደር ይሏታል። ቀሪውን ሁሉ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ከመቀስቀሷ በፊት ግን ጥቂት ሴኮንድ ወደ ኋላ ትቆጥራለች፤ በዚያች ፋታ ቁልፍ የነካ ሰው ያዛታል።

ሦስት።

ሁለት።

ነካ።

ላፕቶፑ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁለት አድራሻ ጋር ወጣ። ፋብሪካው ቺፑ ላይ ያተመው፦ መጨረሻው አርባ አንድ ዜሮ ዘጠኝ። በቡትሎደሯ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ሳጥኑ የሚሠራበት፦ መጨረሻው ሰማንያ ስምንት ሠላሳ።

ታዲዮስ ደግሞ አነበበው። ሁለቱ አይገጥሙም።

«ጌታነሽ!» ብሎ ተጣራ። «ይኸ ሳጥን ለምን ሁለት አድራሻ ኖረው?»

ከመሰላሉ ወርዳ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ አየችውና ሳቀች።

«እሱማ የሟቹ ነው! የፊተኛውን ሳጥን ዐምና መብረቅ በላው። ይኸኛው ሲመጣ ማዕከሉ ‘አዲሱን አድራሻ እስክንመዘግብ ጠብቁ’ አለን። እነሱ እስኪመዘግቡ እኮ ገብሱ ተዘርቶ ይታጨዳል። እኔ ደግሞ የሟቹን አድራሻ ጻፍኩበት፤ ያኔውኑ ገባ።»

«ይኸኛውን ብቻ ነው?»

«መብረቅ የመታውን ሁሉ እንዲያው ነው የማደርገው። ክርስትና ስሙ ቺፑ ላይ አለ። ክርስትና ስም ደግሞ ለቄሱ ነው፤ በሱ ማን ይጠራል?»

«አርባ አንድ ዜሮ ዘጠኝ ብሎ መስመር ላይ ወጥቶ አያውቅም?»

«አንድ ቀንም!»

ታዲዮስ ደረቱ ቀለል አለው። ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው። ምስጢሩን የላከው ይህ ሳጥን አይደለም፤ በማይጠራበት ስም ከሰውታል። በደስታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ሮጠ። ስልክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው።

«ካስማ፣ በጉ ያ አይደለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አርባ አንድ ዜሮ ዘጠኝ እዚህ ሠርቶ አያውቅም። የሞተ ሳጥን አድራሻ ተጽፎበታል። ሰውየው የሉበትም።»

«ማነው የጻፈው?»

«ጌታነሽ። መብረቅ የመታውን ሁሉ እንዲሁ ነው የምታደርገው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ።

«የማይሆን ነገር!» አለ ካስማ። «እኔ ራሴ ነኝ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ ተለጣፊው ላይ ያነበብኩት!»



ታዲዮስ ገባው። ዘግይቶ ገባው። ጋዜጣው ሰነዱን ከማግኘቱ ከብዙ ወር በፊት፣ ሳጥኑ ገና አዲስ አበባ ሳለ፣ ካስማ አድራሻውን ከተለጣፊው ላይ ቀድቶታል። ማዕከሉ ዘግይቶ ሲመዘግበው፣ በሌላ ሳጥን ላይ ጽፎ ሰነዱን ለጋዜጣው የላከው እሱ ነው። የማይፈርሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሊፈርዱባቸው አድራሻ ብቻ ነበር የጎደለው። ማዕከሉ የሚያውቀው አድራሻ በመንዝ ብልሃት የሟች መሆኑን ግን ከአዲስ አበባ ማን ያያል?

«ሰርዶ» አለ ካስማ፣ ድምፁ ለስልሶ። «እዚያው ቆይ። እየመጣሁ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ቢሮው ሲመለስ ጌታነሽና አቶ መርስዔ በወዲያኛው ጥግ ያወራሉ። ከሞላሌ ቀየት መኪና ብዙ አይፈጅም። ሳጥኑ አሁንም ቁልፍ እንደነካው ቆሟል፤ ትእዛዝ ይጠብቃል። ጌታነሽ የጻፈችውን ቢያጠፋ ሳጥኑ በክርስትና ስሙ ይነሳል፤ ዝውውሩ ቀርቶ ሽማግሌው ወህኒ ይወርዳሉ። ቢተወው አድራሻ ስትቀይር የኖረችው እሷ ናት፤ ካስማ ይዟት ይሄዳል። ያውም የታዲዮስን የገዛ አፍ ይዞ።

ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። የራሱን ላፕቶፕ አድራሻ ሊጽፍበት አሰበ። ያኔ «የነካሁት እኔ ነኝ» ቢል ሳጥኑ ይመሰክርለታል።

ጻፈ። ቡትሎደሯ እምቢ አለች፤ አንዴ የተጻፈ አድራሻ በላዩ አይጻፍም። እንግዲህ ጌታነሽ እንዳደረገችው ማስታወሻውን ጠቅላላ መደምሰስ ነው። በመሐል መብራት ቢጠፋ ሳጥኑ ዳግም የማይነሳ ድንጋይ ይሆናል።

ደምስስ አለ።

አምፖሉ ፈዘዘ።

መልሶ በራ።

አዲሱን አድራሻ ጻፈ፤ አስቀመጠ። ከውጭ የመኪና ፍሬን ጮኸ።

ካስማ ጋቢውን አውልቆ በቆዳ ጃኬት ነው የመጣው። ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ወረዱ። ካስማ በሩ ላይ ሳይደርስ ታዲዮስ ሄዶ ያዘው፤ መኪናው ጥግ ላይ ዝቅ ብለው ተነጋገሩ።

«አድራሻውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» አለ ታዲዮስ። «ሳጥኑን ክፈት፤ የኔን ላፕቶፕ አድራሻ ታገኛለህ። እሷ ምንም አልነካችም። ጻፈው፤ እፈርማለሁ።»

ካስማ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከልቡ ሳቀ።

«ማን ብለህ ትፈርማለህ?»

«ታዲዮስ ብዬ።»

«ታዲዮስ የሚባል ሰው የለም። መታወቂያውን ያተምነው እኛ ነን። ላፕቶፑም የኛ ነው። የሌለ ሰው እስር ቤት አይገባም፣ ወንድሜ፤ ብትለምንም አይገባም። የነገርከኝ ደግሞ ይበቃኛል።»

ታዲዮስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሊታሰር ቢነሳ፣ ስም አልነበረውም።

ውስጥ ገቡ። ጌታነሽ እጇ ላይ ካቴና ሲገባ አልጮኸችም፤ ሳጥኑን ነው ያየችው። «መብራቱን አጥፉት፣ ይቃጠላል» አለች።

«የመንግሥት ሳጥኖችን ስም እየቀያየረች ምስጢር የምታወጣው ተገኝታለች» አለ ካስማ ለአቶ መርስዔ። «ወይስ እርስዎ የሚያውቁት ሌላ ሰው አለ?»

ሽማግሌው ያስተማሯትን ልጅ አዩ፤ ካቴናውን አዩ። ነገሩ ከየት እንደመጣ የገባቸው መሰለ።

«የግጦሹን ወረቀት ይዘኸዋል?» አሉ።

«መኪና ውስጥ ነው።»

«ለኔ ቢሆን ኖሮ ወህኒ ሰፊ ነው፣ እገባ ነበር። አምጣው። ካቴናውን ፍታላት።»

«መጀመሪያ ይፈርሙ።»

ፈረሙ።  ከዚያ በርኖሳቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያ ሁሉ በግ የሚሰማራበት ሜዳ በአንድ መስመር ሄደ። ከሞላሌ የጀመረው ተልእኮ ተፈጸመ።

ፖሊሱ ካቴናውን እየፈታ በአገጩ ወደ ታዲዮስ ጠቆመ።

«ይኸስ? አብሮሽ ነው የሚሠራው?»

ጌታነሽ ታዲዮስን አየችው። ያ ሁሉ ወር አብረው በአንድ ቢሮ ሠርተዋል።

«የለም!» አለች ፈጥና። «አላውቀውም። ዛሬ ነው ከመንገድ የተገናኘነው። ገመድ ያቀብለኛል እንጂ ምኑንም አያውቅ። እባካችሁ እሱን ልቀቁት፤ የሰው ልጅ በኔ ጦስ አይታሰር።»

ካስማ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ታዲዮስ ሊናገር ነበር። «አትሟገቺልኝ» ሊላት ነበር። አላላትም፤ ፈሪነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። «ሂድ፣ ሂድ» ብላ በዐይኗ ገፋችው። ወጣና ከካስማ መኪና ኋላ ወንበር ገባ።

ደብረ ብርሃን ላይ መታወቂያውን ተቀበሉት። ሌላ ሰጡት። በጥር ከመንዝ ርቆ በሌላ አገር የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ ውሻ ይጮህበታል፣ ሰው ሰላም ይለዋል፣ ማንም አያስታውሰውም።

አንድ ቀን ካስማ ለሌላ ሥራ ደውሎ መመሪያውን ሰጠና፣ ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ያቺ የመንዟ ልጅ እኮ ከሥራ ከተባረረች በኋላ ማዕከሉ ጋ እየደወለች ነው።»

«ምን ፈልጋ? ሥራዋን?»

«የለም፣ አንተን ነው። ‘ታዲዮስ የሚባል ልጅ ነበር፣ በኔ የተነሳ ጉዳት ደርሶበት ይሆን? በሰላም አገሩ ገብቶ እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ’ ትላለች። አናውቀውም ሲሏት ደግሞ ታለቅሳለች አሉ፤ የገደልነው መስሏታል።»

ታዲዮስ የነበረው ሰው ስልኩን በትከሻው ይዞ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፈ።

«እየሰማህ ነው?» አለ ካስማ።

«እየሰማሁ ነው» አለ። ከዚያ የሚቀጥለውን ቤት በር አንኳኳ።