የሚያምርበት ጎን

ዴን ሎሪንግ በሲኒማ ሸራ ላይ ብዙ ጊዜ ሞቷል። በጥይት፣ በገመድ፣ በጎርፍ፣ አንድ ጊዜም በፍቅር። አሟሟት ያውቅበት ነበር፤ ሰዉም ሲሞት ለማየት ተሰልፎ ይገባ ነበር። እውነተኛው ሞት ግን አላስጠነቀቀውም። አንዱን ቦት ጫማ አውልቆ ሌላውን ሊያወልቅ እንዳጎነበሰ፣ በገዛ መልበሻ ክፍሉ ሶፋ ላይ መጣበት።

ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ መንፈስ ከጀመረ ሰንብቷል። ከሆሊውድ ጀርባ ያሉት ኮረብቶች ይነድዳሉ። አመዱ በስቱዲዮው ግቢ በዘንባባዎቹ ላይ ይረግፋል፤ ፀሐይዋ በጠራራው ቀን በጭሱ ውስጥ ደም መስላለች። እንዲህ ባለው ነፋስ ሰው ሁሉ ነገረኛ ይሆናል፤ ፖሊሶች ያውቁታል።

መቶ አለቃ ሜርል ካስትነር በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ዱጋን። «ሰውየው እንደሆነ ከእንግዲህ አይነሳ!»

«አምሮበታል።»

«እሱማ መቼ ሳያምርበት ቀርቶ! ሚስቴ እኮ የኔን ፎቶ አውርዳ የሱን ነው የሰቀለችው።»

«እሱን አይደለም የምልህ። ስንት ሬሳ አይተናል? ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቶ የሞተ ሰው አፉ ይከፈታል፣ አንገቱ ይጣመማል። ይሄ እኮ የፊልም ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።»

እውነትም ነበር። የሟቹ ራስ በሶፋው መደገፊያ ላይ በቀስታ ዘንበል ብሏል። ግራ ጉንጩ ወደ በሩ ዞሯል። ከመስታወቱ ጎን መሆን የነበረበት መብራት ተነሥቶ ብርሃኑ እዚያ ጉንጭ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። ግንባሩ ላይ አንዲት ዘለላ ጠጉር ተጠቅልላ ወርዳለች። ከእግሩ ሥር ደም የነካው የነሐስ ፈረስ ወድቋል።

ካስትነር ያቺን የጠጉር ዘለላ ሲያያት ሆዱ ባባ። እናቱ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት ፒያኖ ትመታ ነበር። እሱ ከፒያኖው ሥር ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ ነው ያደገው። ዴን ሎሪንግን ከአጎቶቹ ይልቅ ያውቀው ነበር።

ውጭ ክሌት ሃገርቲ እጁ በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሎሪንግ በፊልም ከፈረስ ሲወድቅ፣ የሚወድቀው ክሌት ነው። ቁመታቸው አንድ፣ ትከሻቸው አንድ፤ ዕድላቸው ብቻ ይለያያል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ሲያገኙት ደግሞ የነሐሱን ፈረስ በእጁ ይዞ ነበር።

«ገደልከው?» አለው ካስትነር።

«ሃያ ዓመት በሱ ፈንታ ወድቄለታለሁ። እንዲሞት ብፈልግ አንድ ቀን 'ዛሬስ ራስህ ውደቅ' ብዬ ዝም አልልም ነበር?»

«ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ 'አንድ ቀን የምጥልህ እኔ ነኝ' ብለኸዋል።»

«ብያለሁ! የሕይወት ታሪኬ ብሎ ፊልም ይሠራል። ከገደሉ የዘለልኩት እኔ፣ በፊልሙ የዘለለው እሱ! ታዲያ ይሄ ጉልበት የማነው? የሱ ከሆነ ለምን እኔን ያመኛል?»

«ፈረሱንስ ምን ብለህ ነካኸው?»

«ወድቆ አየሁት፣ አነሣሁት፤ ሰው ሲመጣ ደንግጬ ጣልኩት። ቂል ነኝ፤ አልዋሽም። ቂልነት ግን በሞት ያስቀጣል፣ ጋዝ ክፍል ያስገባል እንዴ?»

«በደንብ አድርጎ ያስገባል» አለ ዱጋን። አለቃቸው በስልክ ተናግሮ አብቅቷል፤ ጋዜጠኞቹ በሩን ከማጨናነቃቸው በፊት ክሌት ተጭኖ ይምጣ።

«ትንሽ ይቆይ» አለ ካስትነር።

በዚህ መሐል የፖሊስ ሐኪሙ ከውስጥ ተጣራ። ቁስሉን ሲመረምር ከሟቹ ግራ ጆሮ ኋላ፣ ከጠጉሩ ሥር፣ የቆዳ ቀለም ያለው ቀጭን ፕላስተር አግኝቷል። ጫፉን ይዞ ላጠው። ያ አገር ያበደለት ጉንጭ ከቦታው ሸርተት ብሎ ወረደ፤ የከንፈሩም ጥግ አብሮ ወደቀ። ሰውየው ሁለተኛ የሞተ መሰለ። ዱጋን አማተበ።

የተዋናዮቹን ፊት ለካሜራ የምታስውበው ዶሪን ነበረች፤ ስትጠራ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ መጣች።

«ማንም እንዳይሰማ ምዬለት ነበር» አለች።

«የማሉለት ሰው ሞቷል፤ ሌላ ሰው ደግሞ በከንቱ ሊሞት ነው። ይንገሩኝ።»

«ሦስት ወር አለፈው። አንድ ጠዋት ሲነሣ ግራ ፊቱ አልታዘዝ አለው። ነርቭ ነው አሉት። ያ ጎኑ እኮ እንጀራው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በግራው ካልሆነ አልቀረጽም ሲል የኖረ ሰው! በፕላስተር እስበዋለሁ፤ ዝም ካለ ደህና ይመስላል፤ ከሳቀ ግን ያስታውቃል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ቮስ ሁሉን ነገር ገለበጠው። ወንበሩን፣ መስኮቱን፣ መብራቱን። ከዚያ ወዲህ በቀኙ ብቻ ነው የምንቀርጸው።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ቮስ፣ ክሌት። ካሜራ የሚይዘውም ያውቃል፤ እሱ ግን ዛሬ የፈረሶቹን ሩጫ ሊቀርጽ በረሃ ወርዷል።»

«ግንባሩ ላይ ያለችውን ዘለላስ እርስዎ ነዎት የጠቀለሏት?»

«የምን ዘለላ? እኔ ፕላስተሩን እንዲሸፍንልኝ ወደ ኋላ ነው የማበጥረው።»

ዳይሬክተሩ ሃርላን ቮስ ባዶው የቀረጻ አዳራሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ይጠሉት ነበር?» አለው ካስትነር።

«እንዴታ! እሱን የማይጠላ ዳይሬክተር አሳየኝ፤ አብሮት ያልሠራ ነው። ግን ፊልሙ ገና ግማሽ ነው። እሱ ከሞተ እኔም አብሬ ሞቻለሁ። የሚያልባትን ላም ማን ያርዳል?»

«ሬሳውን አይተውታል?»

«አላየሁትም። ላይም አልፈልግም። ስንቴ ገድዬው የለ!»

ያን ቀን ወደ ክፍሉ ከመጡት ያልተጠየቀችው ቨርና ላሴል ብቻ ነበረች፣ የሎሪንግ የመጀመሪያ ሚስትና ድምፅ አልባ በነበሩት ፊልሞች አብራው የምትተውን የነበረች። ከዘንባባው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ባርኔጣዋ ላይ አመድ ተነጥፏል። አላራገፈችውም።

«አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ተመለስኩ» አለች። «ክፍሉን በዓይኔም አላየሁት። ከተያየን አሥር ዓመት ይሆነናል።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«እሱ ጠራኝ። በፊልሙ እኔም አለሁ፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ። የምትጫወተኝ ልጅ ቆንጆ ናት ይላሉ።»

«ድርሻዎ ረጅም ነው?»

«አጭር ነው። እስቃለሁ፤ አገባለሁ፤ እሰክራለሁ። ከዚያ መኪና እነዳለሁ።»

ካስትነር ዓይኑን ሰበረ። ያን ታሪክ የማያውቅ አልነበረም። ቨርና ላሴል ጠጥታ ስትነዳ ከድልድይ ወድቃ፣ የስድስት ዓመት ልጇ ፐርል ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ቤቶች ስሟን ከበራቸው አውርደው ጣሉት።

«እናቴ ለፊልሞቻችሁ ፒያኖ ትመታ ነበር» አላት፣ ወሬ ለመለወጥ ያህል።

«እኔ ሳለቅስ ምን ትመታልኝ ነበር?»

«ዝግ ያለ ዋልዝ። ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ቀኝ ጉንጭዎ ነው።»

«ሁለት ሰው ሲተያይ አንዱ ግራውን ለካሜራ ከሰጠ፣ ለሌላው የሚተርፈው ቀኙ ነው። ዴን ግራውን ይፈልግ ነበር።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ጭሱ ከኮረብታው እየወረደ ግቢውን ሞላው። ካስትነር ሁሉንም በቀረጻው አዳራሽ ሰበሰባቸው። የክሌትን ካቴና ፈታና የሎሪንግን ኮት አልብሶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ትከሻው ቁርጥ ሟቹን ነው፤ ዶሪን ፊቷን አዞረች። ዱጋን መብራት ይዞ ቆመ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ካስትነር። «እኔ ስለ ካሜራ አላውቅም። ወይዘሮ ላሴል፣ ከሁሉ በፊት ያወቁት እርስዎ ነዎት። ካሜራው እዚህ ቢሆን፣ ዴን በዚህ ወንበር ላይ እንዴት ይቀመጥ ነበር? ክሌትን ያስተካክሉልኝ።»

ቨርና ለአፍታ አመነታች። ከዚያ የድሮው ሥራ የጠራት ይመስል ተነሣች። ጓንቷን አወለቀች፤ የክሌትን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ግራ ጉንጩን ወደ ካሜራው መለሰች። የዱጋንን ክንድ ገፋ አድርጋ መብራቱን ዝቅ አስደረገች። ከግንባሩ ላይም ጥቂት ጠጉር ስባ በጣቷ ጠቀለለችው።

«ኧረ በዚያ በኩል አይደለም!» አለች ዶሪን፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

«ለምን?» አለች ቨርና። «የሚያምርበት ጎኑ ይሄ ነው።»

«ነበር» አለ ካስትነር። «ሬሳውን ሳየው መጀመሪያ የገባኝ ገዳዩ እንዳልሸሸ ነው። ቆሞ አሳምሮታል። ራሱን አቅንቷል፣ መብራት አምጥቷል። ሌባ ይሄን አያደርግም። ተናድዶ የመታ ሠራተኛም ይሄን አያደርግም። የሚያደርገው ይህን ፊት ለካሜራ ማዘጋጀት ልማድ የሆነበት ሰው ነው። ያ ሰው ግን ግራውን መረጠ። የዴን ግራ ፊት ከሦስት ወር በፊት ሞቷል፤ በፕላስተር ተስቦ ነው የሚውለው። ዶሪን፣ ቮስና ክሌት ይህን ያውቃሉ፤ ከዚያ ወዲህ እጃቸው ወደ ቀኝ ሲያዞረው ነው የከረመው። ድንጋጤ ላይ ያለ እጅ ደግሞ የለመደውን ነው የሚሠራው።»

«ሆን ብሎ ሊያደናግረን ያዞረውስ ቢሆን?» አለ ቮስ።

«እኔም ብዬው ነበር። ግን ጠጉሩ አለ። ያቺን ዘለላ ግንባሩ ላይ ያየኋት ከእናቴ ፒያኖ ሥር ሆኜ ነው። ድምፅ ከመጣ ወዲህ በአንድም ፊልም አላደረጋትም። ዶሪን አልሠራቻትም። ክፍሉን አላየሁም ያለች ሴት ግን አሁን፣ ዓይናችን እያየ፣ መብራቱንም ጠጉሩንም ልክ እንደ ሬሳው አደረገችልን። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ እርስዎን ያወጣዎት አመልዎ ነው፣ ወይዘሮ ላሴል።»

ቨርና ጣቷን ከክሌት ግንባር ላይ አላነሣችም።

«ግራው ሞቶ ነበር?» አለች። «አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ያልሳቀው ጠልቶኝ መስሎኝ።» ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ያን ቀን የነዳው እሱ ነው። የጠጣውም እሱ። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት 'እኔ ነኝ የነዳሁት' አልኩ። ልጄ ሞታለች፤ ፊት ምን ያደርግልኛል ብዬ ስሜን ሰጠሁት። ሃያ ዓመት የልጇ ገዳይ ስባል ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ያን ውሸት ፊልም ሊያደርገው! 'ሌላውን ሁሉ ዋሽ፤ ፐርልን ብቻ አውጣልኝ' ብዬ ለመንኩት። 'ሰዉ የሚያለቅሰው እኮ እዚያ ጋ ነው' አለኝና ጫማውን ሊያወልቅ አጎነበሰ።»

«ከመቱት በኋላ ለምን አሳመሩት?»

«አንገቱ ተጣሞ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ሰው ሲያየው ታየኝና አልቻልኩም። ወይኔ፣ እጄ ራሱ ነው የሠራው።»

ክሌት ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። እሱም እንደሷ ሰው ለነጠቀው ስም ሲያዝን የዋለ ነው፤ የነጠቃቸውም አንድ ሰው ነው።

ዱጋን በሩን ገለጥ አድርጎ ዘጋው። «ጋዜጠኞቹ ግቢ ገብተዋል። ሃምሳ ካሜራ ይሆናል። በጓሮ በር እናውጣት?»

ካስትነር ካቴናውን በእጁ እንደያዘ ቨርናን አያት።

«በየትኛው በኩል ነው የቆሙት?» አለች እሷ፣ እየተነሣች።

«ከበሩ በስተቀኝ።»

«ታዲያ እርስዎ በስተግራዬ ይሁኑልኝ፤ እንዳይጋርዱኝ። ስመጣ ቀኜ ነው የሚታያቸው፤ ስዞር ግን ግራዬን ያገኙታል። እኔም እኮ የሚያምርብኝ ግራዬ ነበር።»

ካስትነር በስተግራዋ ሆነ። በሩ ተከፈተ፤ ጭሱና ቀዩ ብርሃን አብረው ገቡ። ቨርና ላሴል ደረጃው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የባርኔጣዋን አመድ አራገፈች፤ በቀስታ ዞራ ግራ ጉንጯን ሰጠቻቸው። ካሜራዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ብልጭ አሉ። ካስትነር አላስቸኮላትም።