በወተት ጣሳ የተደበቁ ዓሦች

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የማራኪ አባት ይህን አባባል ያመኑት በደረሰባቸው ነገር ነው። አንድ ጊዜ በማሳቸው ጥግ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተተክሎ ቢያገኙ፣ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ነቅለው ወደ ቀበሌ ይዘውት ሄዱ። ብረቱ ለካ የቀያሾች ምልክት ኖሯል። "ማን ንቀል አለህ?" ተብለው ሁለት ሳምንት ታስረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ለልጆቻቸው ያወረሱት ምክር አንድ ነበር፤ "ቁጥር ያለበት ነገር ስታዩ ዓይናችሁን ወደ ሌላ መልሱ።"

ማራኪ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች። ይሁንና ከተማረችው ሁሉ ጠልቆ የቀረው ይህ ምክር ነው። ነገር ሁሉ በክፉው በኩል ይታያታል። ልጇ አዶናይ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ሞተር ገጭቷታል፤ ስልክ በማለዳ ከጮኸ ሰው ሞቷል። ባሏ ሽብሩ፣ "የአዶናይ እናት እኮ ሰማዩ ጠርቶ ጃንጥላ ዘርግታ ነው የምትወጣው" እያለ ይቀልድባታል።

የሚኖሩት ከሆሳዕና ብዙ በማትርቅ ሀቢቾ በምትባል ስፍራ ነው። በቆላው የተሠራው ግድብ የወንዙን ውሃ ወደ ኋላ መልሶ ሐይቅ ከፈጠረ ወዲህ ሽብሩ ከማራኪ ታናሽ ወንድም ከቲቶ ጋር በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳል። የአጥማጆች ማኅበራቸው ያጠመደው ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ በሶፎንያስ ሞተር ሳይክል ሽቅብ ይመጣል። ማራኪና ጎረቤቷ ርብቃ ሆዱን ቀደው፣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይተው ለሆሳዕና ሆቴሎች ያዘጋጃሉ።

በጥር ወር ዘርትሁን የምትባል ወጣት የዓሣ ባለሙያ ሐይቁ ድረስ ወርዳ አጥማጆቹን ሰበሰበች። በአርባ ዓሦች ሆድ ውስጥ የጣት አንጓ የምታክል መሣሪያ እየከተተች ሰፋቻቸው። መሣሪያዋ ድምፅ ትልካለች፤ በሐይቁ ላይ በተንሳፋፊ የታሰሩ መቀበያዎች ድምፁን ይሰማሉ። ዓሣው የት እንደሚውል፣ የት እንደሚራባ፣ የትኛው ስፍራ መጠመድ እንደሌለበት የሚታወቀው በዚህ ነው። ዘርትሁን፣ "መሣሪያ ያለበት ዓሣ ካጠመዳችሁ ደውሉልኝ፤ ስልኬ ላዩ ላይ ተጽፏል" አለቻቸው። በስብሰባው የነበሩት ወንዶች ብቻ ናቸው። የዓሣ ሆድ የሚከፍቱትን ሴቶች የጠራ አልነበረም።

ሽብሩ ቤት ሲገባ ነገሩን በቀልድ አወራው። "ከእንግዲህ ዓሣውም ስልክ ይዟል። የት ዋልክ ይባላል።"

ማራኪ አልሳቀችም።

በየካቲት መጀመሪያ የአንድ ትልቅ አምባዛ ሆድ ስትከፍት ቢላዋዋ ጠንካራ ነገር ነካ። አውጥታ አጠበችው። ጥቁር ነው፤ ቁጥር አለበት። 

"ርብቃ፣ እይልኝ።"

ርብቃ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችና ወዲያው ተመለሰች። "እኔ ምንም አላየሁም።"

"ደውሉ ይላል እኮ።"

"ደውይ እንግዲህ። ነገ ማን አጠመደው፣ በምን መረብ፣ በማን ፈቃድ ሲሉሽ ባልሽን አስረክቢያቸው። አባትሽን ረሳሽ?"

"ታዲያ ልጣለው?"

"ሽንት ቤት ጨምሪው።"

ማራኪ ግን መጣሉንም ፈራች። የመንግሥትን ዕቃ ጥለሻል ቢሏትስ? መስጠትም መጣልም ያቃተው ሰው የሚያደርገውን አደረገች። በባዶ የወተት ጣሳ ከታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ከአልጋው ሥር ሸጎጠችው። የሚያዳምጣት ስለመሰላትም እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን አውጥታ መጸለይ ተወች።

ሁለተኛው መጣ። አምስተኛው መጣ። ሽብሩ አንድ ቀን፣ "ባለሙያዋ ደጋግማ ትደውላለች። የአዶናይ እናት፣ ሆድ ስትከፍቱ እንዲህ ያለ ነገር አላያችሁም?" አላት።

"አላየሁም" አለች።

ሐሰቱ ከአፏ እንዴት በቀላሉ እንደወጣ ራሷም ገረማት። ለባሏ መልካም ያደረገች መሰላት። ጣሳው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከበዳት፤ ቤቱን ስትጠርግ ከአልጋው ሥር መጥረጊያዋን ማስገባት ተወች።

ሰኔ ሲገባ ዘርትሁን ተመልሳ መጣች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓሦች ድምፃቸው ጠፍቶባታል። ማኅበሩን ሰብስባ፣ "ተጠምደው ቢሆን መሣሪያው እናንተ ዘንድ ይገኝ ነበር። ስለዚህ መቀበያ ወደሌለበት ወደ ላይኛው ጥልቅ ውሃ ሳይሄዱ አልቀሩም" አለች። አጥማጆቹም ዓሣው ከዳር እያለቀባቸው ስለነበር ደስ አላቸው። "አላለቀም፤ ሄዶ ነው። ሄደን እናመጣዋለን" አሉ።

ላይኛው ውሃ በገደል መካከል ያለ፣ ነፋስ የማያጣው፣ የሰመጡ ዛፎች ጫፍ ከውሃው በታች የቆመበት ነው። ማራኪ ይህን ስትሰማ በሩ ላይ ቆመች።

"አትሂዱ" አለች ባሏን።

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ዓሦቹ የትም አልሄዱም፤ ዐሥራ ዘጠኙ ከአልጋዋ ሥር ናቸው። እሷ ግን "ልቤ ፈርቷል" ብቻ አለች።

"ልብሽ መቼ ሳይፈራ ቀርቶ ያውቃል?" ብሎ ሳቀና ወጣ። ነጋ ጠባ የሚፈራ ሰው እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ጀልባቸውን ከሰመጠ ዛፍ ጋር አላተመው። ሽብሩ ዋኝቶ ወጣ። የቲቶ እግር በጀልባውና በግንዱ መካከል ተቀርቅሮ፣ ሰው እስኪደርስለት ሦስት ሰዓት በውሃው ውስጥ ቆየ። ሆሳዕና ሆስፒታል ሲደርስ እግሩን ማትረፍ አልተቻለም። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ማራኪ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ገባች። ቲቶ ፊቱ ጠቁሯል፤ ቢሆንም ሲያያት ፈገግ አለ።

"እታለም፣ አታልቅሺ። ሽብሩ ጀልባ ላይ 'እግርህን ሰብስብ' እያለ ይነዘንዘኝ አልነበር? ይኸው ተገላገለ።"

ይህ ቀልድ ከቁጣ ይልቅ አንገበገባት። ፔርሙዙን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ጎዶሎ ላይ ሳትነቅል፣ ሁሉንም ነገረችው። ከመጀመሪያው አምባዛ ጀምራ እስከ "ልቤ ፈርቷል" ድረስ።

ቲቶ ሳያቋርጣት ሰማት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

"ስንት ናቸው?" አለ።

"ዐሥራ ዘጠኝ።"

"መጀመሪያ ለባለቤታቸው ስጪ። ከዚያ ትመጫለሽ። ከዚያ በፊት አትምጪ፣ ማራኪ።"

እታለም አላላትም።

ቅዳሜ ማኅበሩ ከዘርትሁን ጋር ሲሰበሰብ ጣሳውን በነጠላዋ ሸፍና ገባች። ከባለሙያዋ በቀር ሴት በዚያ ስብሰባ ተቀምጣ አታውቅም። ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ስትገለብጠው ዐሥራ ዘጠኙ መሣሪያዎች እንደ ባቄላ ተበተኑ። ዘርትሁን አንዷን አነሳች፤ ቁጥሯን በታብሌቷ ላይ ፈለገች።

"ይህችን ጥልቁ ውሃ ሄዳለች ብዬ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ማራኪ አባቷን እንዳሰሩት የሚያስሯት መስሏት እጆቿን አጣምራ ቆመች። ሽብሩ ካጠገቧ ነበር። "ጠይቄሽ ነበር፣ ማራኪ" አለ። የአዶናይ እናት ሳይል ስሟን የጠራበትን ቀን አታስታውስም። ከዚህ የባሰ እስር አልመጣባትም።

ዘርትሁን ወንበር አቀረበችላት። "ይቀመጡ፣ እትዬ ማራኪ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም ሆድ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ወንዶቹን ብቻ ሰብስቤ ሄድኩ። አሁን ግን መቼ መቼ እንዳገኟቸው ካላወቅን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ያስታውሳሉ?"

"ይህችን" አለች ማራኪ አንዷን ጠቁማ፣ "አዶናይን ትኩሳት የያዛት ዕለት፣ ወባ ነው ብዬ ያለቀስኩ ቀን። የካቲት ሃያ አንድ። ይህችን፣ ሞተረኛው ሶፎንያስ ዘግይቶ ገደል ገባ ያልኩ ለት።"

ሶፎንያስ ከኋላ፣ "እኔ ጎማ እየለጠፍኩ ነበር እኮ" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ስትቀጥል ግን ሳቁ ከሰመ። የዐሥራ አራቱን ቀን በየፍርሃቷ እየቆጠረች አስጻፈች። የዚያን ቀን መረብ የት እንደተጣለ ደግሞ ወንዶቹ አስታወሱ።

ዘርትሁን ቦታዎቹን በካርታው ላይ ስታሰፍር ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ስፍራ ተከማቹ፤ አንዲት ትንሽ ወንዝ ወደ ሐይቁ የምትገባበት፣ መቀበያ ያልታሰረበት አፍ ላይ። ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል የሚመጣበት ቦታ ነው። ጥልቁ ውሃ የሄደ አንድም አልነበረም። አጥማጆቹ ለመራባት የመጣውን ዓሣ እየጨረሱ፣ የጨረሱትን ፍለጋ ገደል ሲገቡ ከርመዋል። መሣሪያዎቹ በየካቲት ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ይህ በየካቲት ይታወቅ ነበር። የቲቶ እግርም አይሄድም ነበር። ይህን ማንም በአፉ አላለውም፤ ለማራኪ የሚነግራትም አላስፈለጋትም።

የወንዙ አፍ ለሁለት ክረምት እንዳይጠመድበት በዚያው ቀን ተስማሙ።

ወገኖቼ፣ ዝም አይነቅዝም የሚሠራው የደበቅነው ነገር እስኪያድግ ድረስ ነው። መሣሪያ የሚሰማው እኛ ያልሸሸግነውን ብቻ ነው። ያየነውን "አላየሁም" ስንል ሐይቁን እናሳውራለን፤ በታወረ ውሃ ላይ የሚቀዝፉት ደግሞ የራሳችን ወንድሞች ናቸው። ፍርሃት ኃጢአት አይደለም። ፍርሃትን ሰምቶ እውነትን መደበቅ ግን ሌላ ሰው የሚከፍለው ዕዳ ነው።

አሁን ቲቶ ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ማራኪና ርብቃ ዓሣ በሚያዘጋጁበት መጠለያ የሚገኙትን መሣሪያዎች የሚመዘግብበት ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ከእህቱ ጋር የሚነጋገረው ለሥራ ያህል ነው። ባለፈው መስከረም ቢላዋዋ እንደገና ጠንካራ ነገር ነካ። ልቧ ልክ እንደ ድሮው መታ። ርብቃ ከዓሣው ቀና ብላ አየቻት፤ በዚህ ጊዜ ግን አላየሁም አላለችም።

"ደውይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት።

ማራኪ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ደወለች። ቁጥሩን እየተርበተበተች አነበበች፤ ቀኑንና ቦታውን ተናገረች። ስልኩን ዘግታ መሣሪያዋን ወደ ማስቀመጫዋ ልትወስድ ተነሳች።

ቲቶ ጽፎ ጨረሰ። ደብተሩን አጠፈ፤ እንድታልፍ ምርኩዙን ከመንገዷ ሳብ አደረገላት።

"ቁጥሩን አንድ ጊዜ ድገሚልኝ" አለ። "በደንብ አልሰማሁሽም፣ እታለም።"