የግራው ጫማ

"ይሄኛው ይከብዳል" አለች እናት።

የልጇን የትምህርት ቤት ጫማ ቀለም ልትቀባ አንስታው ነበር። ቀኙን በቀኝ እጇ፣ ግራውን በግራ እጇ ይዛ ከፍ ዝቅ አደረገቻቸው።

"የቱ?" አለ ባሏ። ጫማ ሰሪ ነው፤ መስኮቱ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሰው ጫማ ይሰፋል።

"ግራው ነዋ። ሶሉም ወፈር ያለ መሰለኝ። ሳይታወቅህ ደርበህ ለጥፈህበት እንዳይሆን።"

ቀና አላለም። ወስፌውን ከቆዳው ነቅሎ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ወጋው። "ውሃ ገብቶበት ነው። ሲደርቅ ይቀላል።"

እሷም ጫማውን መቀባት ቀጠለች። ነገሩን የተወችው ግን አምናው አልነበረም፤ አዝናለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ጥንድ ጫማ ሲሠራ አንዱ ከሌላው በክር ውፍረት እንኳ ተበላልጦ አያውቅም። ዛሬ ለገዛ ልጁ አንዱን ከባድ፣ አንዱን ቀላል አድርጎ ከሠራ ዓይኑ ደክሟል ማለት ነው! ለሚስቱ መናገርም አፍሯል ማለት ነው። "ምስኪን!" አለች በልቧ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይንህን ካልታየህ ብላ ወጥራ ያዘችው። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ ሰው ከሰው ይህን ያህል ይራራቃል? እሷ የባሏን ዓይን ስትጠብቅ፣ መጠበቅ የነበረበት የልጇ እግር ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊቱ ሱቅ፣ የኋላው መኝታ። እናት በልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ትመለሳለች፣ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሐል ቆማ የማታውቀውን ሰው ሸሚዝ ስታቃና። ልጃቸው አንድ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ዳዴ ሳትል ነው የዘለለችው እያሉ "ፌንጣ" ይሏታል። ደረጃ በደረጃ አትወርድም፣ ሁለት ሁለቱን ትዘላለች። ሲጠሯት ፌንጣ፣ ሲቆጧት ፌንጣ፣ ሲስሟት ፌንጣ። በዚያ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፤ ማንም ባዶ እግሩን አይሄድም። ወለሉ ላይ ትንንሽ ሚስማር አይጠፋምና። ፌንጣ ከአልጋዋ እግሯን ስታወርድ የሚቀበላት አባቷ የሠራላት የቤት ጫማ ነው። መልካም ሕግ ነበር። ያጠፋቸውም እሱ ነው።

ጫማ ሰሪ የሰውን አካሄድ የሚያነበው ከሶሉ ነው። ማን እግሩን እንደሚጎትት፣ ማን እንደሚቸኩል፣ ማን ከባድ ሸክም በየትኛው ትከሻው እንደሚይዝ ያውቃል። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የፌንጣን አሮጌ ጫማ ገልብጦ ሲያይ የግራው ታኮ በአንድ ጎኑ ተበልቶ አገኘው። ልጅቷን አስቁሞ አያት። የግራ እግሯ ጣት ወደ ውጭ ዞሯል። የግራ ትከሻዋ የጣት ስፋት ያህል ወርዷል። ያን ጊዜ ከልጁ ጀርባ ሌላ ሰው መጣበት... ታላቅ እህቱ።

እህቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታነክስ ነበር። ስትራመድ ወደ ጎን ዘንበል ትላለችና የሰፈሩ ልጆች "ዘንባላ" አሏት። "ዘንባላ መጣች፣ ጃንጥላ ያዙ!" ይሏታል። እሱ የእሷንም የራሱንም ደብተር ተሸክሞ ከኋላዋ ይሄዳል፤ ይሰማል፤ ግን ትንሽ ነበርና ማንንም መምታት አይችልም። አንድ ቀን ከቤት አልወጣም አለች። እንዳለችውም እስክትሞት አልወጣችም። ታዲያ ይህ ሰው ሲያድግ ጫማ ሰሪ ባይሆን ምን ይሁን?

"አባዬ፣ ምን ሆንኩ?" አለች ፌንጣ።

"ምንም። አንዳንዴ አንዱ እግር ቀድሞ ያድጋል። ሌላው ይደርስበታል። እስኪደርስበት እኔ አግዘዋለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለእናትሽ አትንገሪያት፣ በከንቱ ትደነግጣለች።"

ዋሽቷታል? አልዋሻትም፤ ራሱም አምኖት ነበር። ቀጭን ቡሽ ቆረጠ፣ በማስቲሽ ከግራው ጫማ ውስጥ ለጠፈ፣ ላዩን በቆዳ ሸፈነ። ለቤት ጫማዋም እንዲሁ አደረገ፤ በዚያ ቤት ባዶ እግር አይኬድምና እናት ልጇ ስታነክስ የምታይበት ጊዜ አልነበረም። ፌንጣ ተራመደች። ትከሻዋ እኩል ሆነ! አባት በደስታ እጁን አጨበጨበ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛ ቡሽ አስፈለገ። ከዚያ ሦስተኛ። እናት ከብዶ ያገኘችው ያን ሦስተኛውን ነው።

በዚያው ሰሞን ፌንጣ ጉልበቴን አመመኝ ማለት ጀመረች። እናት ከሥራ አስፈቅዳ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ጉልበቷ ራጅ ተነሣ። "ደህና ነው፤ የዕድገት ሕመም ነው" ተባለች፤ የሚቀባ ተሰጣት። ሕመሙ አልተወም። በወሩ ተመለሱ። ሌላ ሐኪም፣ ያው ጉልበት፣ ያው ራጅ፣ ያው መልስ።

"ልጄ ዝም ብላ አመመኝ አትልም!" አለች እናት በሦስተኛው ጊዜ። ባሏንም ይዛው መጥታለች። "ድሮ ደረጃ ትዘል የነበረች ልጅ አሁን ግድግዳ ይዛ ነው የምትወርደው። ጉልበቷ ደህና ከሆነ እንግዲህ ምኗ ነው?"

"እናቴ፣ ተረጋጊ። ከትምህርት ቤት መቅረት ፈልጋም ይሆናል" አለ ሐኪሙ።

"እሷ? እሁድ ለምን አይከፈትም ብላ የምታለቅስ ልጅ?"

ሐኪሙ ሳቀ። ውጭ ያለው ወረፋ ረጅም ነበር። "እሺ ፌንጣ፣ እስከ በሩ ደርሰሽ ተመለሽ።" ልጅቷ ጫማዋን እንዳደረገች ሄደች፣ ተመለሰችም። እንደ ክር የቀና አካሄድ! "ይኸው" አለ ሐኪሙ፣ "የምታነክስ ልጅ እንዲህ ትሄዳለች?"

ፌንጣ አባቷን አየችው። አባትም ልጁን አየ። እጆቹ ጭኑ ላይ ነበሩ፤ ማስቲሽ የደረቀባቸው፣ ያን የቀና አካሄድ የሠሩት እጆች። አንድ ቃል ብቻ! "ጫማዋን አውልቁላት" ማለት ይበቃ ነበር። አፉን ከፈተ... "ዘንባላ" የሚለው ድምፅ ከሠላሳ ዓመት ማዶ መጣበት... አፉን ዘጋ። ተነሥተው ወጡ። ከደጅ እናት፣ "በል ከመጣን አይቀር ዓይንህን እንታይ" አለችው። እምቢ የሚልበት አቅም አጣ። ግማሽ ቀን ተሰለፈ፤ ለቅርብ ሥራ የሚሆን መነጽር ታዘዘለት። እናት ራሷ ሄዳ አምጥታ ከሥራ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችለት። አንድ ቀን እንኳ አላደረገውም።

አራተኛው ቡሽ በተለጠፈ በሦስተኛው ሳምንት ፌንጣ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀች። የወደቀችው ከሁለት ደረጃ ብቻ ነው፤ ግን መነሣት አልቻለችም። ጩኸቷ ጓደኞቿን በታተናቸው። በቃሬዛ ከትልቁ ሆስፒታል ደረሰች።

የአጥንት ሐኪሟ ትንሽ፣ ፈጣን ሴት ነበረች። የፌንጣን ጉልበት አልነካችም። ቀስ ብላ ጭኗን ልታዞር ስትሞክር ፌንጣ ጮኸች። የዳሌ ራጅ አዘዘች። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅላ ወላጆቹን ጠራች።

"የጭን አጥንቷ ራስ ይህ ክቡ ነው። አንገቱ ላይ ልክ መቀመጥ ነበረበት። ተንሸራቷል። በዕድገት ዕድሜ በአጥንቱ ራስና በአንገቱ መሐል ያለው ቦታ ገና ለስላሳ ነው። ለስንት ወር ጥቂት ጥቂት ሲንሸራተት ቆይቶ ዛሬ ለቀቀ።" ዞር ብላ፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችው።

"ጫማ እሠራለሁ።"

"እንግዲያው ይገባሃል። ታኮ ከሶሉ ሲላቀቅ እንደማለት ነው።"

"ጉልበቴን ነው ያመመኝ ስትል ነበርኮ!" አለች እናት። "ስንት ጊዜ ወሰድኳት! ስንት ጊዜ!"

"ዳሌ ሲታመም ጉልበት ላይ ይሰማል። ብዙ ሰው ያታልላል። ግን እግሯ አጥሯል፣ ዞሯል። እንደዚህ ሆና ማነከስ ነበረባት። ማንም አላያትም?"

ሐኪሟ ከአልጋው ሥር የተቀመጠውን የግራ ጫማ አነሣች። በእጇ መዘነችው። ከቀኙ ጋር አስተያየችው። ከዚያ በጣቷ የውስጡን ቆዳ ገለጠች። አንዱን ቡሽ አወጣች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛውን። ከጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

"የመጀመሪያው መቼ ገባ?" አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

"ትምህርት ሲከፈት" አለ ጫማ ሰሪው። "ከስምንት ወር በፊት።"

"ያን ጊዜ አጥንቷን የምትይዝ አንዲት ብሎን ትበቃት ነበር። በሳምንት ትምህርት ቤቷ ትመለስ ነበር።"

እናት ቡሾቹን አየቻቸው። ቀስ ብላ ገባት። ያ ክብደት! በእጇ ይዛው ነበር... ይዛው፣ መዝናው፣ ቀለም ቀብታ መልሳ ለልጇ አጥልቃላት ነበር! ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ለባሏ እንዲህ አለችው፤

"ዓይንህን ታከም ብዬ ስንት ወር ለመንኩህ?"

"ዓይኔ ያለ መነጽርም ደህና ነው ብዬሽ ነበር።"

"ደህና ከሆነማ አይተሃል ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም።

ፌንጣ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ አጥንቱ በብሎን ተያዘ። ሐኪሟ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ነገር ግን ወደ አጥንቱ ራስ ደም የሚወስዱት ቀጫጭን ሥሮች በመውደቋ ተጎድተው ነበር። አምስት ወር በክራንች ሄደች፤ አምስት ወር ተስፋ አደረጉ። በስድስተኛው ወር ራጁ ላይ የአጥንቱ ራስ ሞቶ፣ ከላዩ ተደርምሶ ታየ። ሰው ሠራሽ መጋጠሚያ እንዳይገባላት ገና ልጅ ናት። አድጋ እስክትጨርስ መጠበቅ አለባት። እስከዚያ ታነክሳለች። መዝለል ግን ከእንግዲህ የለም።

አባት ሱቁን ዘጋ። ጫማ የሚወጥርባቸውን የእንጨት ፎርማዎች በጆንያ አስሮ ከአልጋ ሥር ከተተ። አሁን ከሰው በር ላይ ዕቃ ያወርዳል፣ ይጭናል። እናት መልእክቷን በልጅቷ በኩል ትልካለች። "ራቱ ቀርቧል በይው።" ፌንጣም በሁለቱ መሐል በክራንቿ ትመላለሳለች። "አባዬ፣ ራት ቀርቧል ትልሃለች። እማዬ፣ አልራበኝም ይልሻል።" አንድ ቀን ግን ክራንቿን ወለሉ ላይ ወረወረችው። "እኔም አውቅ ነበርኮ! እኔም ዝም ብያለሁ! እኔንም አታናግሪኛ!" እናት አቅፋት አለቀሰች። ለባሏ ግን ያን ቀንም ቃል አልወጣትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፌንጣ ከሆስፒታል ወረቀት ይዛ መጣች። በሐኪሟ እጅ የተጻፈ ነው፤ የግራ ጫማ፣ ከፍታ አራት ሴንቲ ሜትር። የሆስፒታሉ ጫማ ክፍል ወረፋ ዓመት ያስጠብቃል። እስከዚያ ያለዚህ ጫማ ከሄደች ወገቧም ይጣመማል።

ወረቀቱን ከአባቷ ፊት አኖረችው። "አንተ ሥራልኝ።"

"አልችልም፣ ልጄ። እጄ ሁለተኛ ጫማሽን አይነካም።"

"ዛሬ ሐኪሟ ናት ያዘዘችው። ደግሞ ከውስጥ አታድርገው። ከውጭ አድርገው፣ ይታይ። ቀይ ይሁን።"

"ይስቁብሻል።"

"ይሳቁ። ስቀው ሲደክማቸው ይተዋሉ።"

ራሱን ነቀነቀ። እምባው ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ምን ይባላል እንግዲህ? ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ረግመን እናርፍ ነበር። ይህ ግን ልጁን እስከ አጥንቷ የወደደ፣ በዚያው ፍቅሩ አጥንቷን የሰበረ አባት ነው። ክፉ ዕድል አንዳንዴ በጠላት እጅ አይመጣም። ደግ ሆኖ፣ ባለሙያ ሆኖ፣ ማስቲሽና ቡሽ ይዞ ከገዛ ቤታችን መስኮት ሥር ይቀመጣል... ታዲያ በማን ይፈረዳል?

እናት ከኋላው ክፍል ወጣች። ከአልጋው ሥር ያወጣችውን ጆንያ ጎትታ አምጥታ ከእግሩ ሥር አስቀመጠችው። ከሥራ ሳጥኑ ላይ አቧራ የለበሰውን መነጽር አነሣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ዘረጋችለት።

"መነጽርህን አድርግ" አለችው። ከስድስት ወር በኋላ ለባሏ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

መነጽሩን አደረገ። ሁለት ቀን ሠራበት። ሰኞ ጠዋት ፌንጣ የግራው ሶል አራት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቀይ ጫማ አድርጋ፣ በአንድ ክራንች፣ እያነከሰች ትምህርት ቤት ሄደች።