አርባ ሁለት ዓይነት ሩጫ

ዋና አዘጋጁ የሞተው በምሳ ሰዓት፣ በካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው። በሩን የከፈተው ዘበኛ ሲያገኘው በጀርባው ተንጋሎ ነበር። መሰላሉ ከጎኑ ተጋድሟል፤ መነጽሩ ግን እንደ ቁም ነገር አፍንጫው ላይ ነው።

የጣቢያው አዛዥ መርማሪዋን በስልክ ሲጠራት ነገሩን ጨርሶት ነበር።

«ሚስቱ ናት» አላት። «በምሳ ሰዓት መጥታ ስትጮህበት ዘበኛው ሰምቷል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽልኝ አስገባታለሁ።»

«ነገ ቀብሩ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እዚያው ሆና ታልቅስ።»

መርማሪዋ ስልኩን ዘጋችና ጥርሷን ነከሰች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰጧትን ሁሉ ሳታበጥር ስለማትለቅ። እሷም ባሏን ቀብራለች። የቀብር ቀን ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ማንም መልሶ አይሰጥም። ሴትዮዋ ካጠፋች ትታሰር፤ ካላጠፋች ግን ከዚያ አፈር ጎን ማንም ሊያስቀራት አይገባም አለች በልቧ።

ሰውየው የሞተበት ቤት የእንግሊዝኛን ቃላት ወደ አማርኛ የሚፈታ የመዝገበ ቃላት ቢሮ ነው። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሟቹ፣ ምክትሉና አንዲት ወጣት አዘጋጅ። የአንድ ቃል እያንዳንዱ ትርጉም የራሱ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ ፍቺው፣ ተመሳሳዮቹና አንድ ምሳሌ ይጻፋሉ። አንዳንዱ ቃል በሁለት ካርድ ያልቃል። «ራን» የምትባለው ቃል ግን ጉደኛ ናት። ሰው ሲሮጥ «ራን» ነው፤ ውሃ ሲፈስ፣ ሞተር ሲሠራ፣ ንፍጥ ሲወርድ፣ ቀለም ሲለቅ፣ ስቶኪንግ ሲተረተር፣ ሰው ድርጅት ሲመራ ወይም ለምርጫ ሲወዳደር፣ ሁሉም ያው «ራን»። አርባ ሁለት ካርድ ወጥቷታል።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞረችው። የ«ራን» መሳቢያ ከቁም ሳጥኑ ላይኛው ረድፍ፣ ከቦታዋ ተዘግታ ተቀምጣለች። ወንፊት ተንበርክካ ከቁም ሳጥኑ ሥር በማስመሪያ አንድ ካርድ ጎትታ አወጣች። «የቀለም መልቀቅ» ይላል፤ ጥግ ላይ በቀይ እርሳስ ሃያ ስድስት ቁጥር አለበት። መሳቢያዋን አስወርዳ ስትቆጥር አርባ አንድ ካርድ አገኘች፤ ሁሉም ቀይ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ግን አሥራ ሰባት፣ አራት፣ ሠላሳ፣ ዘጠኝ እያለ ይዘላል።

ለአዛዡ ደውላ ነገረችው።

«አላልኩሽም?» አለ። «መሳቢያዋ አብራው ወድቃ ካርዱ ተበትኗል። እንግሊዝኛ የማታውቅ ሴት እንደመጣላት ለቃቅማ ከተተችው። አለቀ።»

ነገሩ ያስኬዳል፤ ለእሷ ግን አልተዋጠላትም። በድንጋጤ የሚያፍስ ሰው ካርድ ይገለብጣል፣ ያጥፋል። እዚህ መሳቢያ ውስጥ ግን አንድም የተገለበጠ የለም።

ሚስትየዋ በእንግዳ ማረፊያው ቁጭ ብላለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም።

«እትዬ፣ ጮኸውበታል ይላሉ» አለች መርማሪዋ ወንበር ስባ።

«ጮኼበታለሁ እንጂ። ሠላሳ ዓመት ያገባሁት ሰው እሑድን እንኳ እዚህ ነው የሚውለው። ያቺ ልጅ ከመጣች ወዲህማ ጭራሽ ጠፋ። ቀናሁ፤ ምን እዋሻለሁ? አንገበገበኝ። የልቤን ተናግሬ ወጣሁ።»

«ስትወጪ እሳቸው መሰላል ላይ ነበሩ?» አለች መርማሪዋ፤ ወዲያው አፏን ያዝ አድርጋ «ሲወጡ ማለቴ ነው፣ ይቅርታ» አለች።

«ምንም አይደል። እሱ ነው መሰላል ላይ የሚሆነው? ሰው ካልያዘለት ወንበር ላይ አይወጣም። የቤታችንን አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ።» ከዚያ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ቀና አለች። «ነገ እንድቀብረው ይፈቅዱልኛል?»

መርማሪዋ እጇን ጨበጥ አድርጋት ተነሣች።

ወጣቷ አዘጋጅ ዓይኗ ደም መስሏል። ምሳዋን ብቻዋን ደረጃ ላይ ተቀምጣ እንደበላች ተናገረች፤ ያያት ሰው የለም።

«ቀዩን ቁጥር ማን ጻፈው?»

«ጋሼ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት፣ ፊቴ። ሰው ዛሬ አብዝቶ የሚጠቀምበት ትርጉም ይቅደም ብዬ ስለምናቸው ከርሜ እሺ አሉኝ። ከአንድ እስከ አርባ ሁለት ጽፈው፣ በዚያው ተራ ደርድረው ከተቱት።»

«ምክትሉ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? ይህቺን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋታል። እዚህ ቤት ትልቅ ቃል እንደ ሹመት ነው። ለእኔ ስትሰጥ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታም ነፈጉኝ።»

«አንቺስ በእሳቸው ቀንተሽ አታውቂም?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እቀናለሁ። ጋሼ ፍቺ ሲጠፋቸው ዞር የሚሉት ወደ እሳቸው ነው። ወደ እኔ ዞረው አያውቁም።»

ምክትሉ ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹን በቁመታቸው ደርድሮ ነበር። ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ሰው ነው።

«የ‹ራን›ን ካርዶች ዛሬ ነክተዋል?»

«ከሁለት ወር ወዲህ አልነካኋቸውም። የእኔ ቃል አይደለችም።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«መናፈሻው ውስጥ በእግሬ ስዘዋወር። ሐኪም አዞኛል።» ራሱን ነቀነቀ። «የሚያሳዝኑት ባለቤቱ ናቸው። ቅናት ሰውን ያሳውራል።»

«ስለ ቅናት ያውቃሉ?»

«ፍቺውን አውቃለሁ» አለ ሳይስቅ።

ከክፍሉ እንደወጣች አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል በሕይወት እንደነበር፣ ፈጥኖ ሰው ቢደርስለት ይተርፍ እንደነበር ነገራት። መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አየች። ዘበኛው የሚቀመጠው ከካርድ ክፍሉ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ነው፤ በሩ ባይታየውም ቢጠሩት ይሰማል። ማንም አልጠራውም።

ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። ቀዩን ቁጥር በወረቀት ሸፍና አርባ ሁለቱንም ካርዶች በሦስት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስነሣች፤ ቅጂዎቹን በደንብ ደባለቀቻቸውና ለሦስቱ ሰዎች በሦስት ክፍል አደለቻቸው።

«ሥራው እንዳይቆም እናንተው ያማረ ተራ አስይዙልኝ» አለቻቸው። ሚስትየዋ እንግሊዝኛ እንደማታውቅ ስትናገር፣ «አማርኛውን እያዩ እንደመሰለዎት ያድርጉት» አለቻት።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም በካርድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዛዡም ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆመ።

«ሟቹ ሰው ሳይዝላቸው ከፍታ አይወጡም» ብላ ጀመረች ወንፊት። «ስለዚህ መሰላሉን የያዘ ሰው ነበር። ሲወድቁ መሳቢያዋ አብራ ወድቃለች፤ አንዷ ካርድ ቁም ሳጥኑ ሥር ቀርታለች። ያ ሰው የቀሩትን ለቅሞ፣ መሰላሉን አቁሞ፣ መሳቢያዋን ከቦታዋ መልሶ፣ መሰላሉን እንደገና አስተኝቷል። ቁጥሮቹ የተዘበራረቁት ባለቤታቸው ስለማያነቡ ነው ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው።»

«እንዴት ማለት?» አለ አዛዡ።

«መዘበራረቅ አልነበረማ። የሌላ ሰው ተራ ነው።» ሦስቱን ቅጂዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እትዬ ሦስት ክምር ሠሩ፤ የሰው፣ የዕቃና የጨርቅ። ልጅቷ የሞተርና የድርጅቱን ትርጉም አስቀደመች፤ ከቀዩ ቁጥር ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሦስተኛው ሰው ከእግር ሩጫ ጀመረ፤ ከዚያ ፈረስ፣ ከዚያ ውሃ፤ ጥንታዊው ይቅደም ባይ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ ካገኘኋቸው አርባ አንድ ካርዶች ጋር አስተያየሁት። አንድም አልሳተም። እኚህ ሰው ደግሞ ካርዶቹን ከሁለት ወር ወዲህ አልነካሁም ብለውኛል። ካርዶቹ በቀዩ ቁጥር የተደረደሩት ግን ዛሬ ጠዋት ነው፤ ይህ ተራ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።»

የሁሉም ዓይን ምክትሉ ላይ ዐረፈ። እሱ ግን የሚያየው ካርዶቹን ነበር።

«መሬት ላይ ተበትና ልተዋት ኖሯል?» አለ በቀስታ። «ሃያ ሁለት ዓመት መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ዛሬም ይዤለት ነበር። ከላይ ሆኖ፣ ‹የዚህችን ቃል ነገር ከልጅቷ የተሻለ የገባው የለም› አለኝ። እኔን፣ እኔን እንዲህ አለኝ። አልገፋሁትም፤ ለቀቅኩት ብቻ።»

«ከለቀቁት በኋላ ሩብ ሰዓት ተንፍሰዋል» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ አልጨመረም። «እርስዎ አጠገባቸው ተንበርክከው ካርድ ይደረድሩ ነበር። አርባ ሁለት ዓይነት ሩጫ በእጅዎ ይዘው፣ ለእሳቸው አንዱን እንኳ አልሮጡም።»

ምክትሉ ጠረጴዛው ላይ ጠመም ያለ አንድ ቅጂ በጣቱ አስተካከለ። አዛዡ ክንዱን ይዞት ሲወጣ ለሚስትየዋ አገጩን ጥቂት ዝቅ አደረገላት፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው፣ ከዚያ በላይ አያውቅበትም።

ሚስትየዋ ወደ ወጣቷ አዘጋጅ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ በአንቺ ነበር የምቀናው።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«የመጨረሻ ቃሌን በቁጣ ነው የነገርኩት። ‹ከልጅቷ ጋር እደር› ብዬው ወጣሁ።»

ልጅቷ ወንበር ሳበችላት። ሚስትየዋ ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀችና በእጇ ጠቀለለችው።

«እዚህ ሲውል ምን ይል እንደነበር እኔ አላውቅም» አለች። «ሠላሳ ዓመት አልጠየቅኩትም፤ መቅናት ነበር ሥራዬ። ነገ ከእኔ ጎን ቁሚ። ስንመለስ ትነግሪኛለሽ።»