በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የተገኘው ክር

ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሞቱት በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ነው። ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው ሥር ወደቆመው የኮምፒውተር ሣጥን እንደተዘረጋ ቀርቷል። መዳፋቸው ላይ የአዝራር ስፋት ያለው ጥቁር ቃጠሎ ይታያል።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ልባቸውን ቀጥ አድርጎታል።»

ኢንስፔክተሯ ሬሳውን አየች። ነገር ሳታላምጥ የምትውጥ ሴት አልነበረችም። ሳጅኑ ግን ገና ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ።

«ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሣጥኑ ውስጥ ከሶኬቱ ኃይል የሚቀበል አንድ ሽቦ ተልጦ ከብረቱ ጋር ተነካክቷል። በምላጭ የተላጠ ነው፤ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ማሽኑን የፈታው የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ሰውየው አብርተውት እንቢ ሲላቸው ገመዱን ሊነካኩ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። ጠጋኙን በካቴና አስሬ ሳሎን አስቀምጬዋለሁ። ዛሬውኑ እንውሰደው?»

«አምኗል?»

«የገደለ መቼ ያምናል!»

«ያልገደለም አያምንም። ቆይ እስቲ።»

መብራቱ ከቆጣሪው መጥፋቱን አረጋግጣ፣ የሣጥኑን የጎን ክዳን ከፍታ በባትሪ አየችው። ቤቷ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ራሷ የምትጠርግ ሴት ስለሆነች የምታየውን ታውቃለች። ውስጡ አቧራ የሚባል የለበትም። የማቀዝቀዣው ፋን ክንፎች አንድ በአንድ ተወልውለዋል። ገመዶቹ በነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ተሰብስበው ከፋኑ ርቀዋል። አንዱ ጥቅል ብቻ፣ የተላጠው ሽቦ ያለበት፣ የታሰረው በጥቁር ክር ነው። ክሩ ሰም ተቀብቷል። ጫፉ በስለት እንደተቆረጠ ክር እኩል አይደለም፤ ተጨፍልቆ ተበጥሷል። ራም ከሚባሉት ሁለት የማስታወሻ ካርዶች ደግሞ አንዱ በአንድ ጥጉ ከማስገቢያው ብድግ ብሏል።

«ዲስኩን ነቅለህ ለባለሙያው ውሰድለት» አለችው ሳጅኑን። «ሰሞኑን የተከፈተ የድሮ ፋይል ካለ ይፈልግልኝ።»

ሰፈርተኛው ጠጋኙን «ዶክተር» ይለዋል፤ የታመመ ማሽን ስለሚያድን። አሁን ዶክተሩ እጆቹ ታስረው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ትናንት ምን ሠራህ?»

«ማሽኑ አርጅቶ ነበር። አብርተውት፣ ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ እንኳ ገና አይነሳም ነበር። አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ፣ ፋኑን አጸዳሁ፣ ራም ጨመርኩለት። ሲበራ አብረው የሚነሱትን የማይረቡ ፕሮግራሞች አጠፋሁ። በቃ።»

«ገመዶቹን በምን አሰርካቸው?»

«በፕላስቲክ ማሰሪያ። ገመድ ከተንዘላዘለ ፋኑ ውስጥ ይገባል፣ አየርም ይዘጋል።»

«ሁሉንም?»

«አንድ አልቀረኝም። ምነው?»

«ከዳይሬክተሩ ጋር ቂም ነበረህ?»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። «እኔ በእሳቸው? ኧረ በፍጹም።»

ዓይኑ የጥፋተኛ ዓይን ነበር። ጥፋቱ ግን የዛሬ አልመሰላትም።

የሟች ታላቅ እህት፣ ቤተኛው ሁሉ እታለም የሚላቸው፣ ጓዳ ውስጥ ያለቅሱ ነበር። ሲናገሩ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ይቅርታ ልጄ፣ ይሄ ጥርስ አልገጠመኝም። ዳቦ እንኳ በሻይ ካልነከርኩ አልችልም።»

«ትናንት ወንድምዎና ጠጋኙ ተጣልተው ነበር?»

«እነሱ? ሲሳሳቁ ነው የዋሉት! ልጁ ከሄደ በኋላ ወንድሜ ጠራኝና ‹እታለም፣ ነይ እዪው፣ መብረቅ ሆኗል› አለኝ። አብርቶ አሳየኝ። የዕለት ማስታወሻውንም ጽፎ አተመ። እንደ ልማዱ።»

የታተመው ገጽ አሁንም ማተሚያው ላይ ነበር። ግርጌው ላይ ቀኑና ሰዓቱ ሰፍሯል፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ።

«ፋይል የሚያጸዱትስ እሳቸው ነበሩ?»

«እሱማ ከመጻፍ በቀር ምን ያውቃል? ማሽኑ ሲንቀራፈፍ አሮጌ አሮጌውን እየለቀመች የምታጠፋለት ሚስቱ ናት።»

ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የጎረምሳ ፎቶ ቀና አለች። እታለም ተከትለው አዩት።

«አንድ ልጃቸው ነበር። ፈተና ሰርቋል ተብሎ አባቱ ራሱ ከትምህርት ቤቱ አባረረው። ወንድሜ ለልጁ እንኳ የማያዳላ ሰው ነበር። ልጁ ኩርፊያውን ይዞ ከቤት ወጣ፤ የፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ሞተ። ዘጠኝ ዓመቱ።»

«ማን መስክሮበት ነበር?»

እታለም በአገጫቸው ወደ ሳሎኑ ጠቆሙ። «አብሮ አደጉ። ያው ዶክተሩ።»

የሟች ሚስት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀምጣ ለሐዘኑ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ትዘመዝማለች። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ቀና አላለችም።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ?»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት ለእግር ጉዞ ወጣ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። በአንድ ሰዓት ሲመለስ ከፈትኩለት። ከዚያ… ሲወድቅ ሰማሁ።»

«በመሃል የገባ ሰው አለ?»

«ማን ይገባል? ያ ልጅ ያጠመደውን ትናንት አጥምዶ ሄዷል። ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ።»

«እርስዎስ ኮምፒውተሩን ይነካሉ?»

«እኔ? ማብሪያው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።» መቀስ ጠረጴዛው ላይ ቢኖርም፣ ክሩን ወደ አፏ ወስዳ በጥርሷ በጠስ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሳጅኑ ከባለሙያው ያመጣውን ወረቀት ለአለቃው ሰጣት። አንብባ አጠፈችው።

«ዶክተር ማሽኑን ፈትቶ ገጥሞ ሄደ» ብላ ጀመረች። «ከሄደ በኋላ ዳይሬክተሩ ለእታለም አብርተው አሳዩ፣ ጻፉ፣ አተሙ። ስለዚህ ማሽኑ ደህና ነበር። ዛሬ ግን ራሙ ተነቃንቆ አገኘሁት። ራም በደንብ ካልገባ ማሽኑ ይጮሃል እንጂ አይነሳም፤ አይደለም?»

«አዎ» አለ ጠጋኙ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«እንግዲያው ከኅትመቱ በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶታል። በችኮላ ሲሠራ ክንዱ ራሙን ገፋው። መቼ? ሌሊቱን ዳይሬክተሩ ቤት ነበሩ፤ የቀረችው የወጡባት የጠዋት ሰዓት ናት። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሴቶች ናቸው።»

«እኔን ነው?» እታለም ደረታቸውን ያዙ።

«አይደለም፣ እማማ። ሽቦው ጋ ለመድረስ የፕላስቲክ ማሰሪያ መቁረጥ ግድ ነበር። ማሰሪያው ሲቆረጥ ገመዱ ፋኑ ላይ ተንዘላዘለ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲሁ ይዘጋው ነበር። ይህች እጅ ግን የተንዘላዘለ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። በአዝራር መትከያ ክር አሰረችው፤ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው። የእርስዎ ጥርስ ዳቦም አይቆርጥ።»

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። ቀሚሱ ጭኗ ላይ ነበር።

«‹ማብሪያውን አላውቅም› አሉኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «ፋይል የሚያጸዱት ግን እርስዎ ነዎት። ባለሙያው ዲስኩ ላይ እንዳገኘው፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሲያጸዱ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠ ደብዳቤ ከፈቱ። ፈተናውን የሰረቀው ልጅዎ አልነበረም። የሰረቀው የመሰከረበት ነው። ባለቤትዎ በወሩ ደረሱበት፤ ለትምህርት ቢሮው ጻፉ። ግን ‹ለልጁ አደላ› እንዳይባሉ ፈርተው አልላኩትም።»

ጠጋኙ ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ።

ልብስ ሰፊዋ እንባ አላወጣችም። «ሲጽፈው ልጄ በሕይወት ነበር» አለች። «አንድ ፖስታ ነበር የሚያስፈልገው። ልኮት ቢሆን ልጄ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ስሙን ጠበቀ። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ እያለቀሰ፣ የልጄን ንጽሕና ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ!»

«ጠጋኙንስ ለምን አብረው አልገደሉትም?» አለ ሳጅኑ ሳያስበው።

«እሱ እንዲሞት አልፈለግሁም። ባልሠራው ነገር እንዲታሰር ነው የፈለግሁት። እየማለ እየተገዘተ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳያምነው እንዲያረጅ። ልጄን ያቀመሰውን እንዲቀምስ።» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አንተ ረስተኸው ይሆናል። የወጋ ይረሳል።»

«አልረሳሁም፣ እትዬ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ለምን ይመስልዎታል እዚህ ቤት የምመላለሰው? ይቅር ይበሉኝ…»

«ይቅርታውን ከመቃብር ጠይቅ።»

በኢንስፔክተሯ ምልክት ሳጅኑ ካቴናውን ከጠጋኙ እጅ ፈትቶ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። እጇን ሳትጠየቅ ዘረጋች።

«ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምን» አለች። «ደብዳቤው ይነበብ። አንባቢውም እሱ ይሁን። እታለም ወንድማቸው ማን እንደነበረ አውቀው ይቅበሩት።»

ኢንስፔክተሯ ደብዳቤው የታተመበትን የታጠፈ ወረቀት ለጠጋኙ ሰጠችው። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ቀኑን አነበበ፤ የትምህርት ቤቱን ስም አነበበ፤ «በስህተት የተቀጣው ተማሪ» የሚለው ጋ ደረሰ። ከዚያ የሚቀጥለው የልጁ ስም ነው። አፉ ተከፈተ እንጂ ድምፁ አልወጣም።

ካቴናው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

«ጮክ በል» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «የዚያን ቀን፣ ተማሪው ሁሉ ፊት፣ በጣትህ እየጠቆምክ እንደጠራኸው አድርገህ ጥራው።»