ዘጠኝ ፓፓድ በቆርቆሮ

ስልሳውም ፓፓድ ሻገተ።

ሩሓማ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብላ ፌስታሉን ስትፈታው መጀመሪያ የመጣባት ሽታው ነው፤ ቀጥሎ አረንጓዴው ጸጉር። የላይኛውን አነሳች፤ ሻጋታ። ከሥሩ ያለውን አነሳች፤ ሻጋታ። ሃያኛው ላይ ስትደርስ ማየቱን ተወችው። ቅዳሜን ሙሉ ስትወቅጠውና ስትዳምጠው የዋለችው ሊጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ዝናብ የመታው ካርቶን መስሏል።

«ማሚ! ማነው ፌስታል ውስጥ የከተተው?»

እናቷ ሂወት አንድ እግሯ ላይ የሥራ ጫማዋን አጥልቃ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ብቅ አለች። «እኔ ነኛ። እሑድ ማታ ያ ጉም ሲመጣ እንዳይርስብሽ ብዬ ሰብስቤ ቋጠርኩልሽ።»

«ሳይደርቅ?»

«እኔ ምን አውቄ? ድርቆሽ እንደዚያ ነው የማስቀምጠው።»

«ድርቆሽ አይደለም ኮ!»

ክፍሏ ገባችና በሩን ድው አድርጋ ዘጋችው። ሩሓማ መናደዷን ሕንፃው ሁሉ የሚያውቀው በበሩ ነው።

«በሩ ምን በደለሽ?» አለች እናቷ ከውጭ።

ሩሓማ የተቋጠረውን ፌስታል እሑድ ማታ አይታዋለች። ደርቆ ይሆናል ብላ ሳትከፍተው አለፈች፤ ሰኞም፣ ማክሰኞም። ከምንም በላይ ያናደዳት ይኸው ነበር።

ፓፓድ ሕንዶች ኡራድ ከሚሉት የጥራጥሬ ዱቄት የሚሠሩት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣ ነው። ተዳምጦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ እሳት ሲነካው በአንድ አፍታ ኩፍ ኩፍ ይላል፣ ሲነክሱት ኮሽ ይላል። ሩሓማ የመረጠችው ለሳይንስ ክፍል ነው። መምህሯ ሚስ ኦርቴጋ ለዘጠነኛ ክፍሎች የሰጠቻቸው ፕሮጀክት ቀላል ይመስል ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤታችሁ የማይሠራ አንድ ምግብ ከዱቄቱ ጀምራችሁ በገዛ እጃችሁ ሥሩ፣ ዓርብ ለክፍሉ አቅምሱ፣ እንዴት እንደሠራችሁት አስረዱ። አንደኛ የሚወጡት ሁለቱ ሳን ሆዜ ለሦስት ሳምንት የሰመር ፕሮግራም ይገባሉ፤ እውነተኛ ላቦራቶሪ፣ ነጭ ጋውን፣ ምግብ ለምን እንደሚነፋና ለምን እንደሚበላሽ የሚጠናበት። ሩሓማ ያንን ቦታ ትፈልገው ነበር። ለማንም አልተናገረችም እንጂ ጋውኑን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ሁሉ ታይቷታል።

አሁን ረቡዕ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ለሚናብ ነገረቻት። ሚናብ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ፣ የፕሮጀክቱም አጋሯ ናት። ከትምህርት በኋላ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ስለምትጠብቅ ውቀጣው ለሩሓማ ደርሶ፣ ፖስተሩን እሷ ሠርታለች። ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው።

«ሲሪየስ ነሽ? ስልሳውም?»

«ስልሳውም።»

«ኦኬ፣ ፓኒክ አናድርግ። ሕንድ ሱቅ በፓኬት ሞልቷል። እንገዛለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«ዛሬ እንደገና እሠራለሁ።»

«ሩሓማ፣ ፕረዘንቴሽኑ ከነገ ወዲያ ነው። ኦክላንድ ደግሞ ፀሐይ የለም። ቀና በይ እስቲ!»

ሩሓማ ቀና አለች። ጉሙ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በላይ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተንሰራፍቷል። ሚናብ አልተሳሳተችም።

*

ወይዘሮ ኮኪላ አንደኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የጉጃራት ሴት ናቸው። «ወይዘሮ»ን የጨመረችላቸው ሂወት ናት፤ በዕድሜ የገፋን ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አይሆንላትም። ሩሓማ ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ ከሥራ እስክትመለስ የምትቆየው እሳቸው ዘንድ ነበር። ፓፓድ በመቆንጠጫ ይዘው ምድጃው እሳት ላይ ሲያገላብጡት አፏን ከፍታ ታይ ነበር። ብዙ አይናገሩም። ካመሰገኑም ሩሓማ ሰምታ አታውቅም።

አንዱን የሻገተ አሳየቻቸው። በሁለት ጣት ይዘው አገላበጡት።

«ማነው የሸፈነው?»

«እናቴ። እንዳይርስ ብላ።»

«ደግ ሴት ናት» አሉ። «ፓፓድ ግን ደግነት አይወድም።»

የተረፈው ዱቄት ለሃያ አራት ብቻ የሚበቃ ነበር። ቅዳሜ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ሳሪያቸው ውስጥ ከተቱ። «በገዛ እጃችሁ ተብላችኋል አይደል? እኔ አልነካም።»

ሩሓማ ዱቄቱን በጨው፣ በከሙን፣ በቁንዶ በርበሬና ሂንግ በሚባለው፣ ነጭ ሽንኩርት የተቃጠለ በሚመስል ቅመም ለወሰችው። ሊጡ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ዘይት እየቀባች በእናቷ ዘነዘና ትወቅጠው ጀመር። ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ ወለሉን በእግሩ ደበደበ። ሩሓማ ወቀጠች። ሰውዬው ደበደበ። ወይዘሮ ኮኪላ ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው «ምቱን አልጠበቀም» አሉ።

ቢጫው ሊጥ እየነጣ፣ ሲጎትቱት እንደ ማስቲካ መሳብ ሲጀምር ጠቅልላ አረዘመችው። የክር አንዱን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት፣ ሌላውን በእጇ ወጥራ፣ ልክ እንዳሳዩዋት ሊጡን እኩል እኩል ቆረጠችው። ቅዳሜ ክሩ ሦስቴ ከእግሯ አምልጧት ነበር። ዛሬ አንዴም አላመለጣትም። ከዚያ መዳመጥ ነው፤ ጋዜጣ ከሥሩ ቢቀመጥ እስኪነበብ ድረስ።

ወይዘሮ ኮኪላ ጎንበስ ብለው አንዱን ተመለከቱ። «ወፍራም።»

እንደገና ዳመጠችው።

«ወፍራም።»

እንደገና። ክንዷን ያማት ጀመር። በሦስተኛው ምንም አላሉም፤ ሩሓማ ይህን እንደ እሺታ ወሰደችው።

«እሺ፣ የት ታደርቂያቸዋለሽ?»

ሩሓማ ስትወቅጥ ሁሉ ሲያብሰለስላት የነበረው ይኸው ነው። እናቷ የምትሠራው ከኮረብቶቹ ማዶ ፕሌዘንተን፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ካፍቴሪያ ውስጥ ነው። ኦክላንድ በጉም ሲታፈን ፕሌዘንተን ይጠበሳል። የእናቷ ኮሮላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሌለው ፓርኪንግ ቆማ ትውላለች፤ ማታ ስትመለስ እንኳ የወንበሯ ቀበቶ ዘለበት ያቃጥላል።

ወይዘሮ ኮኪላ ሲሰሙ ትንሽ አሰቡበት። «መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ክፈቱት። እንደ ቀበቶ ሲታጠፍ ይነሳ። ካልታጠፈ አልፎበታል።»

*

ሐሙስ ማለዳ አሥራ አራቱ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ አሥሩ የኋላ ወንበር ላይ፣ በንጹሕ አንሶላ ተዘርግተው ተሳፈሩ። ሂወት የፌስታሉ ጉዳይ ስለከነከናት አንድም ቃል አልተቃወመችም፤ የሂንጉ ሽታ አፍንጫዋን ቢያስይዛትም።

«በብሬክሽ ወጥተሽ ገልብጫቸው። በላንችሽ ደግሞ እያቸው። ቆርቆሮው ከወንበሩ ሥር አለልሽ።» ቆርቆሮው የብስኩት ነበር፤ ለዓመታት መርፌና ክር ይዞ የኖረ።

«እሺ፣ አለቃዬ» አለች ሂወት።

ምሳ ሰዓት ላይ የሩሓማ ስልክ ጮኸ።

«ሩሓማ፣ የፊቶቹ ድርቆሽ ሆነውልሻል።»

ሩሓማ ግድግዳ ተደገፈች። «ሁሉም?»

«አሥራ አራቱም። ስነካቸው እንክትክት አሉ። ብሬክ ላይ እርጥብ ነበሩ ኮ፣ በእግዚአብሔር!»

«የኋላዎቹስ?»

«ቆይ… ይታጠፋሉ።»

«እንደ ቀበቶ?»

«እንደ ቀበቶ።»

«አውጫቸው! አሁኑኑ ቆርቆሮው ውስጥ ክተቻቸው!»

«እሺ አትጩኺብኝ፣ እየከተትኩ ነው። ስሚ ደግሞ፣ ሴኩሪቲው መጥቶ በመስኮት እያጮለቀ ምንድን ነው አለኝ። የልጄ ሆምወርክ ነው አልኩት። ምን ዓይነት ሆምወርክ አለኝ። ኤ የሚያስመጣ አልኩት።»

ሩሓማ ሳታስበው ሳቀች።

ማታ አሥሩን ይዛ ወይዘሮ ኮኪላ ዘንድ ወረደች። አንዱን በመቆንጠጫ ይዛ እሳቱ ላይ አደረገችው። ለቅጽበት ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ጠርዙ ተነሳ፣ መሃሉ ኩፍ ኩፍ አለ፣ ገለበጠችው፣ በዚያኛውም በኩል ተነፋ። ወይዘሮ ኮኪላ ቆርሰው አኘኩ። ኮሽታው ለሩሓማ ተሰማት።

«ጨው አነሰው» አሉ።

ከዚያ ቀሪውን በሉ። እስከ መጨረሻው። ሳህኑ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በእርጥብ ጣት ለቅመው ጨረሱ።

ሩሓማ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

*

ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮው አብረው ሊሄዱ ሚናብ ቤት ጎራ አለች። ወንድሞቿ ሲሪያላቸውን እየበሉ ነው። ጠረጴዛው መሃል ትልቅ ትሪ ላይ ሠላሳ ፓፓድ ተደርድሯል፤ በኮምፓስ የተሣለ የሚመስል፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ።

«ሰርፕራይዝ!» አለች ሚናብ። «አክስቴ ትናንት ሚልፒታስ ሕንድ ሱቅ ስትሄድ አስገዛኋት። ፓኬቱን ትራሹ ሥር ድረስ ቀብሬዋለሁ። ሚስ ኦርቴጋ ኤፍቢአይ ብትጠራ አታገኘውም።»

ሩሓማ ቆርቆሮውን ከፈተችው። ሚናብ አጎንብሳ አየች።

«ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ።»

«ይሄኛው የካሊፎርኒያን ካርታ ይመስላል።»

«አውቃለሁ።»

ሚናብ የጠበሰችው አንድ የሱቅ ፓፓድ ሳህን ላይ ነበር። ሩሓማ ቆርሳ ቀመሰችው። ጨዉ ልክ ነው። ስስነቱ ልክ ነው። ሁሉ ነገሩ ልክ ነው።

«ከኔ ይበልጣል» አለች።

«አይደል?» የሚናብ ፊት በራ። «ስለዚህ አለቀ።»

«የሠራሁት ግን ይሄን ነው» ቆርቆሮውን ነካ አደረገችው።

«ኦ ማይ ጋድ። ሳን ሆዜ መግባት አትፈልጊም?»

«እፈልጋለሁ።»

«በዘጠኝ ነው የምትገቢው? በካሊፎርኒያ?» ሚናብ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ወንድሞቿ ማንኪያቸውን አቁመው ያዩአቸዋል። «እኔም ኮ ስሜ አለበት። ግሬዴ ከወረደ ማዘር ከቅርጫት ኳሱ ታስወጣኛለች። ኩራቱ ያንቺ ነው፣ ግሬዱ ግን የሁለታችን ነው።»

ይህ እውነት ነበር። ሩሓማ ትሪውን አየች። ከሠላሳው አንዱም የማንም ጣት ምልክት የለበትም። በነዚህ ላይ «ሩሓማ» የሚል ስም ሲለጠፍ አሰበችውና ክንዷ፣ ያ ሁለት ቀን ያመማት ክንዷ፣ እምቢ አለ።

«ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ነን» አለች። «እኔና አንቺ ስንቀነስ ሃያ ስድስት። ሚስ ኦርቴጋ ስትጨመር ሃያ ሰባት። አንዱን ለሦስት እቆርሰዋለሁ። ለሁሉም ይደርሳል።»

«ቁራሽ?»

«ቁራሽ። ስልሳው ለምን እንደሻገተ፣ አሥራ አራቱ ለምን እንደተሰባበረ እነግራቸዋለሁ። አንድ የሻገተ ዚፕሎክ ከረጢት ውስጥ ይዣለሁ።»

«ያክ! ሩሓማ!»

«ሳይንስ ክላስ ነው ኮ።»

ትንሹ ወንድሟ «ሻጋታውን ልይ!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። ሚናብ በአንገትጌው ይዛ መለሰችው። አልሳቀችም።

«እና እኔ ምን ልሁን?»

«የኔን ይዘን ከሄድን ስምሽ እንዳለ ነው። ፖስተሩን ሠርተሻል፤ እሳቱ ላይ ማገላበጡንም አንቺ ታሳያለሽ፣ መንገድ ላይ አስረዳሻለሁ። ትሪውን ይዘሽ ከመጣሽ ግን የኔን ስም ሰርዢው።» ቆርቆሮውን ከደነችው። «አሰቢበት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ እስከ ደወሉ እጠብቅሻለሁ።»

ሚናብ ትሪውን አየች፣ ግድግዳ የተደገፈውን ፖስተር አየች።

ሩሓማ ቦርሳዋን አነገተች፣ ቆርቆሮውን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እንደ ልማዷ በሩን ልትወረውረው እጇ ተነሳ። ቆርቆሮው ውስጥ ዘጠኙ ሲንሸራተቱ ተሰማት። መያዣውን አጥብቃ ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ቀጭ እስኪል ድረስ ዘጋችው።